የዳማ ጀርባ

ጅማ ውስጥ ሥራዬ ሚዛን ነው። ቡና መጋዘን በር ላይ ቆሜ ጆንያ አስመዝናለሁ፣ እመዘግባለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ጆንያ 60 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ሦስት ኪሎ ከጎደለው ወዛደሩ ብድግ ሲያደርገው ገና አነሳሱን አይቼ አውቃለሁ። ቁጥሩ በኋላ ነው የሚመጣው።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 2017 የባሌን ተራራ በእግር ስድስት ቀን ዞሬ መጣሁ። ጓደኞቼ ጻፊ ጻፊ ሲሉኝ ከረሙ። ስለ ቀይ ቀበሮው ጻፊ፣ ስለ ብርዱ ጻፊ ይሉኛል። እሱንም እጽፋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ልቤ ላይ ያለው የአንድ ፈረስ ጀርባ ነው።

መጀመሪያ ባሌ የሄድኩት በጥር 2011 ነበር። አምስት ነበርን፣ ሁላችንም ከጅማ። ጉዞውን አንድ አስጎብኚ አዘጋጀልን። «ልብሳችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ፣ የቀረው የኔ ነው» አለን። ደስ አለን። የባሌ ተራሮች ፓርክ መግቢያ ዲንሾ ስንደርስ ጭነቱ ሜዳ ላይ ተከምሮ ጠበቀን። ሁለት ትልልቅ ድንኳን፣ ትልቁ የጋዝ ሲሊንደር፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ ድንች፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች። ለአምስት ቀን ተራራ፣ ወንበር! ሦስት ፈረስ ቀርቧል። ዕቃው ተጫነ፣ ተጠፈረ፣ ሄድን። ሙሉ ቀን ሚዛን ላይ የምውለው እኔ አንዱንም ጭነት ብድግ አድርጌ አላየሁም።

ከፈረሶቹ አንዱን ቦራ እንለው ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ሦስተኛው ቀን ማታ ኮርቻው ሲነሳለት ከሥሩ ያለው ጨርቅ አልነሳ አለ። ተጣብቋል። ባለቤቱ ውሃ እያርከፈከፈ ቀስ ብሎ አላቀቀው። አንገቱ ከጀርባው የሚገናኝበት ጉብታ አጠገብ መዳፌን የሚያህል ቦታ ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል። ገጣባ ሆኗል። ሲሊንደሩ በተጫነበት በኩል። ቦራ አንገቱን አዙሮ አየን። አልተራገጠም። ውሻ ሲያመው ይጮሃል። ፈረስ ግን እዚያው ቆሞ ቆዳውን ያርገፈግፋል እንጂ ድምፅ የለውም።

አስጎብኚው «ነገ ከባዱን በሌላው በኩል እናደርገዋለን» አለ። በማግስቱም ተጫነ። ባለ ፈረሱ የቀን ክፍያውን ፈርቶ ዝም አለ። እኔ ምን ፈርቼ ዝም እንዳልኩ ግን እስካሁን አላውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ከኋላው ሄድኩ። የዚያን ጉዞ ፎቶ ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ጅማ ተመልሼ እናቴን ጠየቅኳት። አባቷ፣ ማለት አያቴ፣ በወጣትነቱ ሲራራ ነጋዴ ነበር። መኪና ከማይገባበት ከጌራና ከጎማ ገጠር ቡና በበቅሎ ጭኖ ወደ ጅማ ያስገባ ነበር። እኔ የደረስኩበት ሸምግሎ ነው። ጓዳ ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ መጫኛ፣ የጭነት ማሰሪያ ገመድ፣ ተሰቅሎ ትዝ ይለኛል። በቅቤ እየታሸ የኖረ ቆዳ ስለሆነ ስንነካው ይለሰልስ ነበር። ልጅ ሆነን ዝላይ ልንዘልበት ስናወርደው ይቆጣን ነበር። ሌላ ነገር ሰብረን ተቆጥቶን አያውቅም።

እናቴ ነገረችኝ። «አባዬ ጭነት የሚያዘጋጀው ማታ ነው። ጠዋት ከብቱን ብቻ ነው የሚያየው።» ማታ አንድ ወፍራም እንጨት ወገቡ ላይ በገመድ አስሮ ከጣራው ተሸካሚ ላይ ያንጠለጥላል። በአንዱ ጫፍ አንዱን ስልቻ፣ በሌላው ጫፍ ሌላውን ይሰቅላል። እንጨቱ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ እፍኝ እፍኝ ቡና ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል። ሚዛን ማለት ነው። እኔ መጋዘን ገብቼ የተማርኩትን ሥራ አያቴ ቤቱ ውስጥ በእንጨት ይሠራው ነበር።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይወድ ነበር። ይህን ተረት ሰው ስለ ትዳር ወይ ስለ ችኩል ሥራ ሲጠቅሰው ነው የምሰማው። አያቴ ግን ቃል በቃል ነበር የሚለው። ኮርቻና ጭነት ስለሚታሰርበት ጠፍር ነበር የሚያወራው።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ማታ ቤት ሲደርስ ጭነቱን ያወርዳል እንጂ ኮርቻውን ቶሎ አያነሳም። ጠፍሩን አላልቶ ለአንድ ቡና ያህል ጊዜ ይተወዋል። የሞቀ ጀርባ ድንገት ንፋስ ሲያገኘው ያብጣል ይል ነበር። ካነሳው በኋላ ደግሞ ግላሱን፣ ከኮርቻው ሥር ያለውን ጨርቅ፣ ገልብጦ ያያል። ላቡ እኩል ከወጣ ደህና ነው። በላብ መሐል ደረቅ ቦታ ካለ ግን እዚያ ጋ ኮርቻው ተጭኖታል ማለት ነው። ቁስሉ ገና አልታየም፣ መንገዱን ግን ጀምሯል።

ይህን ስሰማ የቦራ ጨርቅ ትዝ አለኝ። እኛ ቁስሉ እስኪመጣ ጠበቅን። ደረቁ ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ማታ ጀምሮ ይታይ ነበር። ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

ጅማ የፈረስ አገር ናት። አሁን ከተማው ውስጥ ባጃጅ በዝቶ ረሳነው እንጂ። አባ ጅፋር ማለት ራሱ የጅፋር ጌታ ማለት ነው፣ ጅፋር ደግሞ የጦር ፈረሳቸው ስም ነው። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ለማየት የሚወጣ እንግዳ ንጉሡ በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩ ስነግረው ይገርመዋል። እኔ አይገርመኝም። ያደግኩበት ቤት ግድግዳ ላይ የክብር ቦታ የነበረው መጫኛ ነው።

ለሁለተኛው ጉዞ የተዘጋጀሁት ጅሬን ላይ ነው። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱ ጥሩ ነው። እሁድ እሁድ ቦርሳዬ ውስጥ ስድስት ኪሎ አሸዋ አድርጌ እወጣለሁ። ታናሽ ወንድሜና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አብረውኝ ሊሄዱ ስለሆነ እነሱም ይወጣሉ። ጅማ ግን 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ባሌ 4,000 ያልፋል። ጅሬን እግር ያጠነክራል፣ አየሩን ግን አያስለምድም። ለእሱ መድኃኒቱ እዚያው ሄዶ ቀስ ማለት ብቻ ነው።

ስንቁ የሴቶች ጉባኤ ሆነ። እናቴና አክስቶቼ ሁለት ቀን ሠሩ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ። ጭኮውን በገብስ ዱቄትና በተነጠረ ቅቤ ለውሰው በቆርቆሮ ጣሳ ጠቀጠቁልኝ። ሰው ለተራራ ጉዞ የሚሆን ምግብ ከውጭ ካልመጣ የሌለ ይመስለዋል። ድርቆሽ ላባ ነው፣ ሙቅ ውሃና ሽሮ ሲነካው ምሳ ይሆናል። ከጭኮ ሁለት ማንኪያ የበላ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይርበውም። ምስር ክክ ግን አትያዙ። ከፍታው ላይ ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ከመሄዳችን በፊት የነበረው እሁድ የመጋዘኑን ኃላፊ አስፈቅጄ ዕቃውን በሙሉ ሚዛን ላይ አወጣሁት። የጋራው ጭነት 71 ኪሎ ሆነ። ቁጭ ብለን ስናወጣ ዋልን። የታሸገ ውሃ 6 ኪሎ ወጣ፣ ምንጭ አለ፣ ማከሚያ ይዘናል። ድንች 4 ኪሎ ወጣ። ትርፍ ብርድ ልብስ 2 ኪሎ። የመጨረሻው የእናቴ ጀበና ነበር፣ 1 ኪሎ። እሱ ላይ ተከራከርን። ወንድሜ «ከጅማ ሄዶ ያለ ጀበና ቡና?» አለ። ልክ ነው፣ ግን ሸክላ ነው፣ ይሰበራል፣ ለመጠቅለያም ቦታ ይፈልጋል። በትንሽ ማንቆርቆሪያ ለወጥነው። ቡናው ግን ተቆልቶ ገባ። 58 ኪሎ ቀረ።

ለምን እንደዚህ ትጨነቂያለሽ ላላችሁኝ ሒሳቡ ይኸው። የኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው። ከ200 እስከ 250 ኪሎ ቢመዝን ነው። ፈረስ የሚያውቁ ሰዎች ጭነቱ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ ይመክራሉ። ለ240 ኪሎ ፈረስ 48 ኪሎ ማለት ነው፣ ያውም ኮርቻው ተጨምሮ። ሰው ሲቀመጥበት ከፈረሱ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ዳገት ላይ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይላል። ጆንያ ይህን አያደርግም። ሬሳ ሸክም ነው። ስለዚህ ለዕቃ ከሰውም ያነሰ ነው መጫን ያለበት። ከፍታው ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይቀነሳል። ፈረሱም እንደኛው ነው የሚተነፍሰው።

ዲንሾ የደረስነው ማታ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ዲንሾ ሌላ 400። ጠዋት ጥድና ኮሶ መሐል የደጋ አጋዘን ቆሞ አየን፣ ከሰው ብዙም አይሸሽም። ፓርኩ በመስከረም 2016 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የመግቢያ ክፍያ ከፍለን፣ መሪ ተሰጥቶን፣ ባለ ፈረሶቹ መጡ።

አንድ ሽማግሌ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሁለት ፈረስ ይዘው ቀረቡ። አንዱ ዳማ ነው፣ ሌላው ግራጫ። ሰላምታ ሰጥቼ ግላሱን አንስቼ ጀርባቸውን ማየት እችል እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው። የጅማው ኦሮምኛ ከባሌው ትንሽ ይለያል፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዝም ብለው አዩኝ። ቅር አላቸው ብዬ ፈራሁ።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከጅማ ነኝ አባባ።»

«ፈረስ ለማየት የሚመጣ ሰው እግር ያያል። ነጋዴ ጥርስ ያያል። አንቺ ጀርባ ትያለሽ?»

የቦራን ነገር ነገርኳቸው። ሳይቸኩሉ አዳመጡኝ። ሲያበቃ ግላሱን ራሳቸው አነሱልኝ። የዳማ ጀርባ ላይ ከዘመናት በፊት የዳነ አንዲት ነጭ ጠጉር ያበቀለች ነጥብ ነበረች። ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ሲበቅል እዚያ ቦታ አንድ ጊዜ ቆስሏል ማለት ነው። «ያኔ ለኪራይ ሰጥቼው ነበር፣ አብሬው አልሄድኩም። ከዚያ ወዲህ አብሬው እሄዳለሁ» አሉ።

የያዝኩትን የእጅ ሚዛን አወጣሁ፣ መንጠቆ ያለውን። የመሪያችንና የነሱ ስንቅ ተጨምሮ ለአንድ ፈረስ 34 ኪሎ መጣ፣ በአንድ ጎን 17። እሳቸው ሁለቱን ከረጢት በሁለት እጃቸው ብድግ አደረጉና «ግራው ይከብዳል» አሉ። ሰቀልኩት። 400 ግራም ይበልጣል። ይህን እንዴት እንዳወቁት ማንም ቡና አስመዛኝ ይገባዋል።

አጫጫኑን ቆሜ ተማርኩ። መጀመሪያ ጀርባው ይጠረጋል። አንዲት እሾህ፣ አንዲት የጭቃ ቅርፊት ከጨርቁ ሥር ከቀረች ማታ ቁስል ናት። ጨርቁ ወደ አንገት ቀደም ብሎ ይቀመጥና ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጠጉሩ በተፈጥሮው አቅጣጫ እንዲተኛ። ኮርቻው አከርካሪውን መንካት የለበትም፣ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ላይ ነው የሚያርፈው። በመሐል ንፋስ ማለፍ አለበት። ከባዱ ዕቃ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ። ደረቱ ላይ አንድ ጠፍር፣ በጭራው ሥር አንድ ጠፍር። አንዱ ዳገት ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት፣ ሌላው ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቱ እንዳይመጣ። ዳማ ጠፍሩ ሲጠብቅ ሆዱን ነፋ። ሽማግሌው አልተጣሉትም። ዞር ብለው ከመሪው ጋር ሲያወሩ ቆዩና ሲያስተነፍስ አንድ ቀዳዳ ጨመሩ። ሃያ ደቂቃ እንደሄድን ደግሞ አቁመው ሁሉንም እንደገና ነኩ። ያኔ ነው ጭነት የሚረጋው።

ወብ ሸለቆ ስንደርስ አገሩ ተከፈተ። ሰማዩ ቅርብ ነው፣ ሣሩ አጭር ነው። ፊንጫ ሀበራ የሚባለው ፏፏቴ አካባቢ አንድ የድንጋይ ጥላ አለ። በመጀመሪያው ጉዞዬ በአጠገቡ አልፌ ምንም አላወቅኩም። በዚያው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ተመራማሪዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር አሳወቁ። 3,469 ሜትር ላይ፣ በበረዶው ዘመን። ይበሉ የነበረው ግዙፉን ፍልፈል ነው፣ ጠብሰው። በዚህኛው ጉዞ ከጥላው ሥር ተቀምጬ ቆሎ በላሁ። ዕቃቸውን የተሸከሙት በራሳቸው ጀርባ ነው፣ ፈረስ አልነበራቸውም።

ያን ዕለት ማደሪያችን ሶዶታ ከመድረሳችን በፊት ቀይ ቀበሮ አየን። ብቻዋን ናት፣ ጆሮዋን ወደ መሬት አድርጋ የፍልፈል ጉድጓድ ታዳምጣለች። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ሽማግሌው «ጄዳላ ፋርዳ» አሏት። የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ለምን ስላቸው፣ ባዝራ ልትወልድ ስትል ከሩቅ ትከተላታለች፣ የእንግዴ ልጁን ልትበላ ትጠብቃለች አሉኝ። ጅማ ውስጥ ይህን ስም ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ሜዳ ላይ ፈረሶቹ ቀና ብለው አይተዋት ወደ ሣራቸው ተመለሱ። አልፈሯትም። ውሻ ግን ይዛችሁ እንዳትሄዱ እለምናችኋለሁ። ቀይ ቀበሮን የሚጨርሳት ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ።

ቀይረንሳ ላይ አንድ ሌሊት አደርን፣ ነፋስ ነበር፣ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ራፉ ግን ሌላ ነው። የድንጋይ ከተማ ነው። እሳተ ገሞራ የተወው ምሰሶ በምሰሶ ላይ ቆሞ፣ ፈረሶቹ በመሐሉ እንደ ጠባብ ሰፈር ይሽሎከለካሉ። ወደ 4,000 ሜትር ተጠግተናል። ባልደረባዬ ራሷን አመማት። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልወጣንም። ውሃ ጠጣች፣ ጭኮ ቀመሰች፣ ጠዋት ደህና ሆነች። ባይሻላት መመለሻችን ተዘጋጅቶ ነበር። ራስ ምታቱ እየባሰ ወደ ላይ መሄድ ጀግንነት አይደለም፣ ሰው ይሞትበታል።

ማታ ቡና አፈላሁ። ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ራፉ ላይ 87 ላይ ይንተከተካል። አይናችሁ ፈላ ይላችኋል፣ ሙቀቱ ግን አልደረሰም። ምስር ክኩ ቶሎ የማይበስለው በዚህ ነው። ቡናው የለመድኩት ጣዕም አልመጣ ሲለኝ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ እሳት ላይም አቆየሁት። ሽማግሌው ጨው ጣል አድርገው ጠጡና «ይህ ነው የጅማው?» አሉ። ሁለተኛ ጠየቁኝ። ሦስተኛም። ፈረሶቹ ገብስ በአፋቸው ላይ በታሰረ ከረጢት እየበሉ ከኛ አሥር እርምጃ ላይ ታስረዋል። ጅብ ስላለ ራቅ አይደረጉም። የዳማ ማኘክ ሌሊቱን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ለመተኛት ከዚያ የሚበልጥ ድምፅ አላውቅም። ጠዋት የውሃ መያዣዬ በረዶ ሆኖ ተነሳሁ።

አራተኛው ቀን ወደ ጋርባ ጉራቻ ስንሄድ ነው የሆነው። ሜዳው ከላይ ሲታይ ደልዳላ ነው። ሥሩ ግን ፍልፈል ቆፍሮ ጨርሶታል። መሬቱ ውስጡ ባዶ ነው። ዳማ የፊት ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። በጉልበቱ ወደቀ፣ ጭነቱ ወደ አንገቱ ተንደረደረ። በጭራው ሥር ያለው ጠፍር ያዘው። ያ ጠፍር ባይኖር 34 ኪሎ በአንገቱ ላይ ይገለበጥ ነበር። ሽማግሌው ሮጠው ልጓሙን አልጎተቱም። ጎንበስ ብለው አንገቱን አቅፈው አወሩት። «ሱታ፣ ሱታ» አሉት። ቀስ በል። ራሱ ተነሳ። ሲራመድ ግን ያነክሳል።

እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። አጥንት አልተሰበረም፣ ጅማቱ ተስቧል አሉ። መሪያችን «ትንሽ ይረፍና ይቀጥላል» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ወንድሜ በኋላ ነገረኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ሊወጣ የነበረው ቃል ነው የወጣው። «ዳማ ዛሬ ምንም አይሸከምም» አልኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። እሳቸው ቀድመው ጭነቱን መፍታት ጀምረው ነበር።

ሚዛኑን አወጣን። 34 ኪሎ። ለግራጫው አሥር ጨመርንለት፣ ከዚያ በላይ እምቢ አልኩ። የቀረው 24 ነው። ወንድሜ፣ ባልደረባዬ፣ መሪው፣ የሽማግሌው የእህት ልጅ አራት አራት ኪሎ ያዙ። ስምንቱን እኔ ወሰድኩ። ቦርሳዬ 14 ኪሎ ሆነ። የዳማን የአንድ ጎን ጭነት ሊያህል ምንም አልቀረውም።

ሰው ጀርባ ላይ አደራረጉ ከፈረስ ይለያል። ከባዱ ዕቃ ከፍ ብሎ ከጀርባ ተጠግቶ ይቀመጣል። የወገብ ቀበቶው ጠብቆ ክብደቱ ዳሌ ላይ ያርፋል እንጂ ትከሻ ላይ አይደለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ጅሬን ላይ ለስድስት ኪሎ ተለማምጄዋለሁ። 4,000 ሜትር ላይ 14 ኪሎ ሌላ ነገር ነው። ሃያ እርምጃ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። የግራ ትከሻዬ ላይ አንድ ስፌት ጎርበጥ ይላል። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም፣ ከሰዓት በኋላ እሳት ሆነ። አውልቄ ማስተካከል እችላለሁ። እጅ አለኝ። ቀበቶውን አላላሁ፣ ጨርቅ ወሸቅኩበት፣ ቀጠልኩ። ቦራ ያን ሦስት ቀን ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ አወቅኩት። እያለቀስኩ እንደምሄድ ባልደረባዬ አይታለች፣ ብርዱ ነው አልኳት።

ጋርባ ጉራቻ ጥቁር ባሕር ማለት ነው። 3,950 ሜትር ላይ ያለ ሐይቅ ነው፣ ድሮ በረዶ የቦረቦረው ገደል ውስጥ ተቀምጧል። ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ውሃው እንደ ስሙ ነው። ቦርሳዬን አውርጄ ተዘርግቼ ተኛሁ። ሽማግሌው ዳማን ሐይቁ ዳር ወስደው እግሩን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ አቆሙት። ረጅም ጊዜ አብረውት ቆሙ፣ ራሳቸውም ባዶ እግራቸውን ነበሩ።

ባሌ ለመሄድ ለምታስቡ የምለምነው አንድ ነገር ነው። አንድ ትርፍ ፈረስ ተከራዩ። ጭነታችሁ ለሁለት ይበቃል ከተባለ ሦስት ያዙ። ለሁሉም ተካፍሎ ሲታይ ብዙ ብር አይደለም፣ ለባለ ፈረሱም ቤተሰብ የዕለት ገቢ ነው። እኔ ሦስተኛ ፈረስ ይዤ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የሚደናገጥ ሰው አይኖርም ነበር። ይህን ሁሉ መዝኜ፣ ለክፉ ቀን ግን አላሰብኩም።

አምስተኛው ቀን ወደ ወርጎና ወረድን። ዳማ ጠዋት ማነከሱ ቀንሷል። ሽማግሌው መሬት ላይ አዙረው አዙረው አዩትና ድንኳኖቹን ብቻ ጫኑበት፣ በአንድ ጎን አምስት ኪሎ። እኔ አሥሩም ኪሎ ይበዛበት ይሆን ብዬ ስጨነቅ «ባዶውን ከሄደ ታምሜያለሁ ብሎ ያስባል» አሉኝ። እውነት ይሁን አይሁን ተቀበልኩ። ፈረሱ የሳቸው ነው። ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ወርጎና ሞቅ ይላል። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ እዚህ ዛፍ ሆኖ ይታያል፣ ከብት ጠባቂ ልጆች ፈረስ ላይ ያለ ኮርቻ ሲጋልቡ አገኘን። አንዷ አሥር ዓመት አይሞላትም። ጭኮ ሰጠኋት፣ ቀምሳ «የእናቴ ይበልጣል» ብላ ሄደች።

ስድስተኛው ቀን ዲንሾ ገባን። ዳማ ከሁላችን ፊት ነበር፣ ቤቱ ሸቶታል። ድንኳኖቹን አወረድን። ሽማግሌው ጠፍሩን አላሉ። ኮርቻውን ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። «ቡና አለሽ አይደል?» አሉ። የቀረችኝን ቡና አፈላሁ። አብረን ጠጣን። ዳማ ኮርቻውን እንደተሸከመ ሣር ይግጣል።

ሲኒው ሲያልቅ «በይ አሁን» አሉኝ። ራሴ አነሳሁት። ግላሱን ገልብጬ በፀሐይ አየሁት። ላቡ ከግራም ከቀኝም እኩል ነው። በመሐሉ፣ አከርካሪው ላይ ብቻ፣ መሆን ያለበት ቀጥ ያለ ደረቅ መስመር አለ። ሌላ ደረቅ ቦታ የለም። ነጯ ጠጉር ያለችበትን ቦታ በጣቴ ነካሁ። ለስላሳ ናት፣ ሙቀት የላትም። ዳማ አልተርገፈገፈም።

ሽማግሌው ልጓሙን አወጡለት። ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ሣሩ ላይ ተኛና ጀርባውን ወዲያ ወዲህ ያሸው ጀመር።